ጆንያ የተከራየው ክፍል

ቦንጋ የቤት እጥረት የለባትም። ስብሰባ ላይም ባጃጅ ውስጥም «ቤት ጠፋ» ሲባል እየሰማሁ እውላለሁ። ማታ ስመለስ ግን ከክፍሌ ቀጥሎ ያለው ክፍል ባዶውን ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ጣሪያው አያፈስ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ሰፊ።

ክፍሉን እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ ለተመደበች መምህርት ጠቆምኩላት። ከወላጆቿ መንደር ጭቃ እየረገጠች ትመጣና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጫማ ቀይራ ትገባለች። ዝናቡ ከጠነከረ ወንዙ አያሻግርም። «ከዚያ በፊት ቤት ካላገኘሁ ሥራውን መልቀቄ ነው፣ ጋሼ» ብላኛለች።

አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፤ የታመመ ተከራይ ካለ አጥሚት ይዘው ይገባሉ። መምህርቷን ሲያዩ ደስ አላቸው። «እንዲህ ያለች ጨዋ ነበር የምፈልገው! ነገ ዕቃሽን አምጪ።» ቀጥለውም እንዳገሩ ወግ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

መንደሯን ነገረቻቸው። የመንደሩን ስም የሰማ ሁሉ ማንጆ መሆኗን ያውቃል። ማንጆ ማለት አያቶቻችን ከመንገድ ገለል ብለው እንዲያሳልፏቸው ያስገደዷቸው፣ ከሰላቸውን እየገዙ ከደጃፍ የመለሷቸው ሰዎች ናቸው። አከራያችን ፈገግታቸውን አላጠፉም። «በይ ደህና እደሪ» ብለው ሸኟት።

በማግስቱ ፍራሿንና ባልዲዋን ባጃጅ ላይ ጭና ስትመጣ ክፍሉ እስከ መስኮቱ ድረስ በቡና ጆንያ ተሞልቷል።

«ይቅርታ ልጄ፣ ቤቱ ተይዟል» አሉ።

«እትዬ፣ ጆንያው ኪራይ ስንት ይከፍላል?» አለ ባለባጃጁ። ከእሱ በቀር የሳቀ የለም።

መምህርቷ አልተከራከረችም። «ለምጄዋለሁ» አለችና ፍራሿን መልሳ አሰረች። ጆንያው ካናደደኝ በላይ ይህ መልመዷ አናደደኝ።

ከሄደች በኋላ ወደ አከራያችን ገባሁ። «እትዬ፣ ቡናው እስከ ትናንት የት ነበር የሚያድረው?»

«አትቆጣኝ። ለእኔ ሁሉም የእግዜር ፍጡር ነው። ተከራዮቼ ናቸው ጥለውኝ የሚወጡት። ያለኝ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት።»

«እኔም ተከራይ ነኝ፤ አልወጣም።»

«አንተማ! መጽሐፍህ ካልራሰብህ ከአይጥ ጋርም ትኖራለህ።»

እንግዲያው ብዬ የግቢውን ተከራዮች በር አንኳኳሁ። ባለሱቁ «እኔ ምን ቸገረኝ? እትዬን ላለማስቀየም ነው እንጂ» አለ። ነርሷ «ለእኔ ችግር የለውም፤ ባለሱቁ ግን እሺ አይልም» አለች። ስለ አካታችነት ሥልጠና በመስጠት አበል የሚበላው የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጉዳዩ ሴንሲቲቭ ነው፤ መጀመሪያ አዌርነስ ይፈልጋል» አለኝ። አዌርነሱን የሚሰጠው ራሱ ነው! ስለ ሩቅ አገር ከተሞች አጥርና ግንብ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ማንም «የእኔ ነው» የማይለው፣ ሁሉም ግን ቆሞ የሚጠብቀው አጥር ያየሁት በእኛ ግቢ ነው።

ለአከራያችን የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። «እንዲያ ከሆነማ እዚህ መጥተው ‹አንወጣም› ብለው ፊት ለፊቴ ይናገሩ። ጆንያውን ዛሬውኑ አስወጣለሁ» አሉ። የምራቸውን ነበር፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሦስቱንም ዞሬ ጠራኋቸው። ባለሱቁ ሱቅ የሚጠብቅለት ሰው አጣ። ነርሷን ራሷን አመማት። አሠልጣኙ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ በሩን ዘጋ። አከራያችን ወደ እኔ ዞረው «አየህ?» አሉና ተነሥተው ገቡ።

ዝናቡ ጠነከረ። መምህርቷ መልቀቂያዋን አስገባች፤ ተማሪዎቿ ከሌላ ክፍል ጋር ተደርበው አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ይማራሉ። የአካባቢው ሰው ሲወያይ አሁንም መንግሥት ቤት ይሥራልን ይላል። ይሥራ፤ ግን የሚሠራው ቤትም በር ይኖረዋል፣ ጎረቤትም ይኖረዋል።

ይህን የምታነቡ ተከራዮች፣ ጎረቤታችሁ እስኪጀምር አትጠብቁ። ዛሬውኑ አከራያችሁ ዘንድ ግቡና ሌሎቹ እየሰሙ «ማንጆ ቢያስገቡም እኔ አልወጣም» በሉ።