ፊት የሚገለጥበት ፊልም

ሰውየው ሰገነት ደባርቅ ላይ ከከፈተችው ፊልም ማከራያ ብቅ የሚለው ቅዳሜ ከገበያ መልስ ነው። የፓርክ ጥበቃ ሳይሆን አይቀርም፤ የወየበ ካኪ ኮት ይለብሳል። በላዩ የሚደርበውን ኩታ ግን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ አዘቅዝቆታል። ሐዘን ላይ ነው ማለት ነው። የማን ሐዘን እንደሆነ ሰገነት ጠይቃው አታውቅም። ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ በዱላው ጫፍ ይፍቃል፤ ሳያጠራ አይገባም።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት ልቡ እንዲፍታታ ብላ የሚያስቅ የፍቅር ፊልም መረጠችለት። ሳያየው መለሰው። በሐዘን ላይ ሳቅ መስጠቴ ነውር ነበር ብላ ራሷን ወቀሰችና የሚያስለቅስ ድራማ ሰጠችው። እሱንም መለሰ። ከዚያ ወዲህ ይዞ የሚሄደው የሰፈሩ ጎረምሶች እንኳ ብቻቸውን ማየት የሚፈሯቸውን የኮሪያ ፊልሞች ነው፤ የሞተች ሴት ጠጉሯን ፊቷ ላይ አፍስሳ ወደ ቤቷ የምትመለስባቸውን።

ዛሬ ነገሩ ከነከናት።

«ጋሼ፣ እነዚህ አያስፈሩዎትም?»

ሰውየው ዲስኩን በኩታው ጫፍ ወለወለ።

«ወደ ቤቷ መጣች እንጂ ምን አጠፋች?» አለ። ዲስኩን መለሰላት። «ልጄ፣ ጠጉሯን ከፊቷ የምትገልጥበት የለሽም?»

«አለ። እዚያ ላይ ግን ሰው ሁሉ ዐይኑን ይጨፍናል።»

«ግድ የለም» አለ፣ እጁን እየዘረጋ። «እኔ አልጨፍንም።»