አጎበር የለበሰ ፊልትሮ

በዚህ ከተማ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ሰምቼ ሕመሙን ሳላውቅ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ብመካም ግን ያምርብኛል። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። መካኒክነትን የተማርኩት ባሮ ዳር ተጥሎ ሣር የበቀለበትን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ ደግሞ ፈትቼ ነው። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ፊደል በፊደል ለቃቅሜዋለሁ። ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮዬ ግን የድሮው ነው።

ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖረው ጎረቤቴ ነጋዴ ነው። ሁላችንም ሐጂ እንለዋለን። እንደ እኔ በወጣትነቱ ከደጋ መጥቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው። ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና በጭነት መኪናው ወደ ፑኝዶ ይልካል። ሹፌሩ ዘመዶቹ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያሉ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ የታወቀ ድምፅ አለው። እናቱና ታናናሾቹ ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ያ መንገድ ለእሱ እንጀራውም ዘመድ መጠየቂያውም ነው።

በበጋው አጋማሽ አንድ ጠዋት ሐጂ በሬን አንኳኳ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ናፍጣዬ እየተሰረቀ ነው» አለኝ ሳይቀመጥ።

«ማን ነገረህ?»

«በርሜሌ ነዋ! ድሮ ፑኝዶ ደርሶ መልስ የሚበቃው ናፍጣ ዛሬ ለመሄጃውም አይበቃም። ሹፌሩ ልጅ መንገድ ላይ እየቀዳ ይሸጥብኛል።»

«ሲሸጥ አይተኸዋል?»

«ሌባ አስፈቅዶ ነው እንዴ የሚሰርቀው? ዓርብ ከስግደት በኋላ ለመኪና ባለቤቶቹ ሁሉ እነግራለሁ። ሌላው ሰው እንዳይበላ።»

ደነገጥኩ። እኛ ከተማ አንድ ባለመኪና ስለ አንድ ሹፌር «ናፍጣ ይጠጣል» ካለ አለቀ፤ ቁልፍ የሚሰጠው አይገኝም። ክሱ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስሙ አይመለስም። እኔ ደግሞ የዚያች መኪና ትንፋሽ ማጠሩን በየጠዋቱ ስትነሣ ስሰማ ሰንብቻለሁ። ሳይጠሩኝ የሰው መኪና አልነካም፤ ልማዴ ነው። አሁን ግን ተጠርቻለሁ።

«መጀመሪያ መኪናዋን ልያት» አልኩት።

ግቢው ገብቼ ከካቢኑ ኋላ ያለውን፣ ለሞተሩ አየር የሚያጣራውን የፊልትሮ ቤት ከፈትኩ። ፊልትሮው ልብስ ለብሷል! ሰማያዊ የወባ አጎበር ደራርበው ጠቅልለው በሲባጎ አስረውታል። አጎበር እዚህ አገር የማይሠራው ሥራ የለም፤ ዓሣ ይጠመድበታል፣ ችግኝ ይታጠርበታል። ሞተር ላይ ሲውል ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

«ይህን ማን አደረገው?»

ሐጂ ደረቱን ነፋ። «እኔ ራሴ! በገዛ እጄ ነው የጠቀለልኩላት። የቀድሞ መኪናዬን ሞተር የበላብኝ አቧራ አይደል?»

እውነቱን ነው፤ አቧራ በልቶበታል። በበጋ የፑኝዶ መንገድ አቧራው ብቻውን አይበቃውም፤ ሣሩ ሲቃጠል የሚበነው አመድ ይጨመርበታል። ሐጂ መኪናውን ስለሚወድ አለበሳት። አመዱና አቧራው ግን ከሞተሩ ወዝ ጋር ተቦክቶ አጎበሩን እንደ ብርድ ልብስ አወፍሮታል። ከሥሩ ያለው ፊልትሮም ቢሆን ከገበያ ርካሹ ነው፤ ወረቀቱ ስስ፣ እጥፉ ጥቂት። ጥሩ ፊልትሮ እጥፉ የበዛ ነው። ቢዘረጉት ወረቀቱ የአንድ ክፍል ወለል ይሸፍናል፤ ስለዚህ አቧራውን ይዞ አየሩን ያሳልፋል። ርካሹ ግን ወዲያው ይታፈናል።

«ሐጂ፣ ስማኝ» አልኩት። «የናፍጣ ሞተር ዋና ምግቡ አየር ነው። አየር ካጣ ናፍጣው ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። መኪናዋ ጉልበት ስታጣ ልጁ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጁን ይረግጣል፤ እሷም ሌላ ትጠጣለች። ናፍጣህ አልተሸጠም። በጭስ ማውጫው ሄዷል።»

«ጭሱማ የጉልበት ነው! ገበያው ሁሉ ‹ጉልበት አላት› ይላታል።»

«ገበያው ሞተር ፈትቶ ያውቃል?»

ሣጥኔ ውስጥ ለዚያችው መኪና የሚሆን እጥፉ የበዛ ፊልትሮ ነበረኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው ሣጥኑ ባዶ አይሆንም። ገጠምኩላት። ታንከሯን እስከ አንገቷ ሞላን፤ እኔም ካቢኑ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ፑኝዶ ደርሰን ተመለስን። መኪናዋ እንደ ወጣት ተነፈሰች፤ በኋላ መመልከቻው ጭስ የሚባል አላየሁም። ግቢው ስንገባ፣ መንገድ ላይ የጠጣችውን ለማወቅ ሐጂ ፊት ታንከሩን ከጀሪካን እየቀዳን መልሰን ሞላነው። ጀሪካኑ ሳያልቅ ናፍጣው አንገቱ ላይ ደረሰ።

በኩራት ወደ ሐጂ ዞርኩ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ እንዴት ይሰርቃል?»

ይህ የሞተር ጥያቄ አልነበረም። ልጁ የታንከሩን ክዳን እንደያዘ ቆሞ ሰምቷል። ክዳኑን በቀስታ ገጠመና ሄዶ ግቢው ውስጥ የወደቀ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ቤቴ ገብቼ ሳስብ አመሸሁ። ሐጂ የተናገረው ክፉ ቢሆንም ስህተት አልነበረም። ፊልትሮውም ተለውጧል፣ እኔም ተጨምሬአለሁ፤ ከሁለታችን ናፍጣውን ያተረፈው የትኛው ነው? ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። አጎበር የለበሰውን ፊልትሮ መልሶ መግጠምና እኔ እንደገና አብሬ መሄድ። እኔ እያየሁ ብዙ ከጠጣች፣ ሌባው አጎበሩ ነው።

በማግስቱ ለልጁ ነገርኩት። አማርኛን ካደገ በኋላ ስለተማረ «አንተ» ይለኛል፤ «አባባ» የምትለው ቃሉ ግን ሁሉንም ታቃናለች።

«አባባ፣ እኔ የሚመዘን ዕቃ ነኝ?»

«አይደለህም።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ? አንድ ጊዜ አየ። አላመነም። ጌታ ያውቃል፣ ይበቃኛል።»

«ጌታ ዓርብ መስጊድ በር ላይ ቆሞ አይመሰክርልህም። እኔ ግን እመሰክራለሁ።»

ይህን በማለቴ አኮረፈኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቁልፉን አነሣ። «ላንተ ስል ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።»

አጎበር የለበሰውን ፊልትሮ መልሰን ገጥመን፣ ታንከሩን ሞልተን፣ የፊተኛውን ያህል ጭነን ያንኑ መንገድ ያዝን። መንገዳችን ላይ ያለችውን አቦቦን ሳናልፍ መኪናዋ ታቃስት ጀመር። ከኋላችን ጭሱ እንደ ጥቁር መጋረጃ ተዘርግቷል። ልጁ ማርሽ ሲቀንስ በየጊዜው ዞሮ ያየኛል፤ እግሩ ነዳጁ ላይ እንዴት እንዳረፈ እንዳይ ነው። እኔም ላለማየት ወደ ተቃጠለው ሣር እመለከታለሁ። የዘፈንም የመዝሙርም ድምፅ የለም። በፊተኛው ጉዞ ያንጎራጉር ነበር።

ፑኝዶ ዕቃው ሲወርድ እናቱ መጣች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችና በቋንቋቸው አንድ ነገር አለችው።

«ምን አለች?»

«ፖሊስ ነው ወይ ትላለች።»

ዓርብ ገና ሳይደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። «መካኒክ ነው በላት። ታላቅ መካኒክ።»

ተረጎመላት። እሷም መለሰች፤ ልጁም ከተነሣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ታላቅ ከሆነ ለምን አቧራ በአቧራ ሆነ ትላለች።»

እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። የልጇን እጅ ይዛ ካቢኑ ድረስ ሸኘችውና እስክንርቅ እዚያው ቆመች።

ሐጂ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጭሱን ከሩቅ አይቷል። ጀሪካኑን አነሣሁና ታንከሩን መሙላት ጀመርኩ። አለቀ። ሌላ ጀሪካን ተጀመረ፤ እሱም ብዙ ከጎደለ በኋላ ነው ታንከሩ የሞላው። ሐጂ ራሱ ሄዶ የፊልትሮውን ቤት ከፈተ፣ ሲባጎውን በጥርሱ በጠሰና አጎበሩን ገፈፈው። እጁ ጠቆረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ነገ በጠዋት ይምጣ በለው» አለ።

ልጁ ከአጠገቤ ቆሟል።

«እሰማለሁ እኮ» አለ ልጁ። «እመጣለሁ። ግን ናፍጣ ሲቀዳ አባባ ይቁም።»

«አሁን ማን ጠረጠረህ?»

«ማንም። ይቁም ብቻ።»

ሐጂ ዓርብ ለማንም ምንም አልተናገረም። እኔ እንደገጠምኩት ያለ ፊልትሮ አስመጣ፤ መኪናዋም ጭሷ ጠፋ። ሌሎች የመኪና ባለቤቶችም ፊልትሯቸውን ሊያሳዩኝ ይመጣሉ፤ አጎበር ለብሶ የተገኘው የሐጂ ብቻ እንዳልነበር እዚህ ላይ ልጻፍ። ገበያው «ያለ ሽማግሌው ናፍጣ አይቀዳም» ይላል። አልክድም፤ ደስ ይለኛል።

ግን በርሜሉ አጠገብ ስቆም የማየውን እኔ ነኝ የማውቀው። ሐጂ እኔን እያየ ይቀዳል፤ ልጁም እኔን እያየ ይቀበላል። እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ሞተሩን አድኛለሁ፤ ይህንን የምፈታበት መፍቻ ግን ሣጥኔ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ወባ ተነሥታብኝ አጎበሬ ውስጥ እየተንቀጠቀጥኩ ተኝቼ ነበር። ጠዋት የመኪናዋን መነሣት ብጠብቅ አልተነሣችም። ቀትር ሲሆን በመስኮት አየሁ። ጭነቷን እንደያዘች፣ ናፍጣ ሳይቀዳላት ግቢው ውስጥ ቆማለች። ሐጂ በርሜሉ አጠገብ በርጩማ ላይ፣ ልጁ ጎማው ላይ ተቀምጠው ሁለቱም የእኔን በር ያያሉ።

ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁና ቆምኩላቸው።