ሺህ ቁጥር የሚጠብቃት ሻንጣ

በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ናዝሬት ውስጥ በየቤቱ ተደብቀን በምንሰበሰብበት ጊዜ፣ የኅብረታችን መጽሐፍ ቅዱሶች የሚቀመጡት እኔ ዘንድ ነበር። በመንፈሳዊነቴ ተመርጬ አይደለም። የአሰብ መኪና የሚነዳው ወንድሜ ያመጣልኝ፣ የቁጥር ቁልፍ ያላት ሻንጣ ስለነበረችኝ ነው።

የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ አፌም አያርፍም። አንድ ቀን ጸሎቱ ሲያልቅ ቁልፏን አስረዳኋቸው። ሦስት የሚሽከረከሩ ቀለበቶች አሏት፤ እያንዳንዱ ላይ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አሥር ቁጥር አለ። አሥር በአሥር መቶ፣ መቶ በአሥር ሺህ።

«ሺህ ጊዜ የሚሞክር ትዕግሥት ያለው የቀበሌ ሰው ገና አልተፈጠረም» አልኩ። ኅብረቱን በቤታቸው የሚያስተናግዱት እማማ «ጌታ እውቀትህን ይባርክልህ ልጄ» ብለው መረቁኝ።

ከዚያ ሁሉ ሺህ ውስጥ የመረጥኩት ግን ሦስት፣ አንድ፣ ስድስትን ነበር። «እግዚአብሔር ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» የሚለው ምዕራፍ ሦስት ቁጥር አሥራ ስድስት፤ እኛ ዘንድ ሕፃን አፉን የሚፈታበት ጥቅስ። እንዳልረሳው ብዬ ነው። ለሚያውቀን ሰው ሺሁ ቁጥር አንድ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ያን ጊዜ አልታየኝም።

የሚያውቀን ሰው ደግሞ ነበር። ከመዘምራን መሃል አብሮኝ የቆመ ጓደኛዬ ኅብረቱን ትቶ አብዮት ጠባቂ ሆኗል። መንገድ ላይ ሳየው ዞሬ እሄዳለሁ። በመካከላችን ስሙ «ከሃዲው» ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ አቧራው ዓይን በሚያስጨፍንበት ሰዓት፣ ከአለቃው ጋር ለፍተሻ ቤቴ ገባ። አለቃው ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትቶ «ክፈት!» አለኝ።

«የወንድሜ ናት። እሱ አሰብ ነው፤ ቁጥሩን አላውቅም» ብዬ ዋሸሁ።

«እንግዲያው እንሰብራታለን» ብሎ መዶሻ ሊዋስ ወደ ጎረቤት ወጣ።

ጓደኛዬ ተንበረከከና ቀለበቶቹን አዞረ። አንዴም አልተሳሳተም። ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየ፤ መልሶ ዘግቶ ቁጥሮቹን በታተናቸው።

«ሌላ ቁጥር አጣህ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ዛሬውኑ ቀይረው።»

አለቃው ሲመለስ «ይተዋት ጓድ፣ ስነካካት ተከፈተች። የሴት ልብስ ነው» አለው። አለቃው ቢያጣራ ኖሮ ከእኔ ቀድሞ የሚጠፋው ጓደኛዬ ነበር። ግን አለቃውን ሙቀቱ አማሮት ስለነበር ሁለቱም ወጡ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ፍተሻው እንደከሸፈ የሰሙት ሁሉ ጌታንና ቁልፌን አመሰገኑ። «ያ ሺህ ቁጥር አተረፈን!» አሉ እማማ። እውነቱን ብናገር ወሬው ሾልኮ ሰውየውን ያስበላዋል ብዬ ዝም አልኩ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ምስጋናው ጣፍጦኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ከዚያ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያ ከሃዲ ደጃችንን እንዳይረግጥ ጌታ እግሩን እንዲያስርልን ጸለዩ። ሁሉም «አሜን» አለ። ከሁሉም ድምፅ የእኔ ጎልቶ ይሰማ ነበር።