ሳይጠየቅ የተፈረደበት አባት

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከዳንግላ አንድ ጽሑፍ በስልክ ላከችልኝ። ካነበበችው ልብ ወለድ አንድ ገጸ ባሕርይ መርጣ እንድትተነትን አስተማሪዋ አዝዟት ነው። «አክስቴ፣ እርማት ካለው ይንገሩኝ» ትላለች። መግቢያው፣ ሐተታው፣ መደምደሚያው ሁሉ በየቦታው ነው። አንድም ቃል ሳላርም ስልኩን አስቀምጬ እንጅባራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳይ ቆየሁ። በእሷ ዕድሜ እኔም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፌ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

ያኔ እንጅባራን ሁላችንም ቆሰበር ነበር የምንላት። ከአዘና ወዲያ ካለው መንደራችን መጥቼ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር ሁለተኛ ደረጃ የምማረው። የአማርኛ አስተማሪያችን ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ከመጽሐፉ በማስረጃ ያልተደገፈ ዓረፍተ ነገር ካገኙ በቀይ ይሰርዙታል። ሌሎቹ ጀግናውን ሲሻሙ እኔ የመረጥኩት፣ ልጁ ወደ ከተማ ስትሄድ ከቤት ወጥቶ ያልሸኛትን አባት ነበር። ምክንያት ነበረኝ። የእኔም አባት ለትምህርት ከቤት የወጣሁ ዕለት አልሸኙኝም። አረም ደረሰ ብለው ወደ ጤፍ ማሳቸው ወረዱ፤ ዞር ብለውም አላዩኝ። ቂም ይዤ ነበር። ያንን ቂም በሦስት አንቀጽ ከፋፍዬ፣ ለእያንዳንዱ የመጽሐፉን ገጽ እየጠቀስኩ፣ ሰውየው ልጁን የማይወድ ጨካኝ መሆኑን አስረዳሁ። አስተማሪው ከክፍሉ ሁሉ የእኔን መረጡና ሰኞ ሰልፍ ላይ እንዳነበው አዘዙኝ።

ቅዳሜ አባቴ ስንቅ ይዘውልኝ መጡ። የሰኔ ጭቃ ጉልበታቸው ድረስ ደርሷል። እግራቸውን አጥቤ ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረብኩላቸው። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን በአገሩ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሰው ሲጣላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያስታርቁ። ጽሑፌን አውጥቼ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ቤታችን ቋንቋ ወደ አዊኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያማቸው ፈልጌ ነው።

ድንቹን ሳይነኩ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ሰውየው ምን መለሰ?» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የፈረድሽበት ነዋ። ለምን እንዳልሸኛት አልጠየቃችሁትም?»

ሳቄ መጣ። ደራሲ የፈጠረው እንጂ በሕይወት ያለ ሰው እንዳልሆነ፣ ጠርቶ መጠየቅም እንደማይቻል አስረዳኋቸው።

«ይሁን። እኛ ግን ቃሉን ባልሰጠ ሰው ላይ አንፈርድም። መምጣት ካልቻለ ዘመድ ይቆምለታል። ለዚህ ሰው ማን ቆመለት?»

ጽሑፉን አጣጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። እሑድ ሙሉ ቀን እጄ ላይ ነበር፤ አንድ አንቀጽ መጨመር አያቅተኝም ነበር። አንዲት መስመር አልቀየርኩም። ሰኞ አነበብኩት፣ በኃይል ተጨበጨበልኝ። አባቴም ስለዚያ ጽሑፍ ዳግመኛ አላነሱብኝም።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። እኔም በተራዬ ልጆች ወልጄ ሸኘሁ። የመጨረሻዋ ልጄ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ግን መናኸሪያ ድረስ መውጣት አቃተኝ። የባጃጁ ድምፅ እስኪርቅ ጓዳ ገብቼ፣ የተለቀመ ምስር መልሼ ስለቅም ቆየሁ። ለምን እንዳልወጣሁ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።

ለእህቴ ልጅ ገና አልመለስኩላትም። የምጽፍላት ጠፍቶኝ አይደለም፤ አባቴ እየመጡብኝ ነው። ያን ቅዳሜ ለመጽሐፉ ሰው ሊሟገቱ የተነሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እስክጠይቃቸው እየጠበቁ ነበር።