ሕፃን የሚያዝል ብረት

ደሴ ውስጥ ራጅ ሳነሳ ከሁሉ የሚከብደኝ የሕፃናቱ ነበር። እናት ክንዱን፣ አባት እግሩን ጨምድደው ይይዙታል። ሕፃኑ ይወራጫል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ እንደገና እናነሳለን። ጨረሩ ለልጁም ለያዡም ይደገማል።

አንድ ቀን እንዲህ ሲወራጭና ሲያለቅስ የነበረውን ሕፃን እናቱ ብታዝለው ጸጥ አለ። ደረቱ ጀርባዋ ላይ ልጥፍ ብሏል። ምስሉን የሚቀበለው የራጁ ሰሌዳ እንደዚህ ጀርባ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ።

ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ የብረት ሥራ ባለሙያ አዘዝኩ። እንደ ጀርባ ጎበጥ ያለ መቆሚያ፣ ሰሌዳው ውስጡ የሚገባ፣ ሕፃኑ በጨርቅ አንቀልባ የሚታዘልበት። ሊተክለው በመጣ ዕለት የመጀመሪያው ሕፃን እዚያው ታዝሎ እንቅልፍ ወሰደው። እኔም ለፈጠራ መብት አመለከትኩ።

ብዙም ሳይቆይ ያው ብረት ሠሪ ተቃውሞ አስገባ። አንቀልባን እናት ሁሉ ያውቀዋል፣ የራጅ መቆሚያን ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለቱን ማገናኘት ለማንም ግልጽ ስለሆነ ፈጠራ አይደለም፣ እኔም ሠርቼ መሸጥ እችላለሁ ይላል። ቆሽቴ አረረ። ያን ያህል ግልጽ ከሆነ ስንት ዘመን ሙሉ ሕፃን ስንጨመድድ ሰው ሁሉ የት ነበር? «ተይው፣ ይቅርብሽ» ያሉኝን አንዳቸውንም አልሰማሁም።

እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ሁለታችንም የምናከብራቸው አንድ ሐጂ ቤት ለሽምግልና ተቀመጥን።

«ሐጂ፣ ይህን ሥራ መጀመሪያ ሳዝዘው ምን እንዳለኝ ይጠይቁልኝ» አልኩ።

«አላህን ፈርተህ ተናገር ልጄ» አሉት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሰውዬው ምንጣፉን ማየት ጀመረ። እንዳይክደኝ ፈራሁ፣ ከእሱ ሌላ ምስክር የለኝም።

«ሳቅሁባት» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ ሳቅሁባት። ብረት ደግሞ ሕፃን ያዝላል እንዴ አልኋት። ሠራተኞቼንም ጠርቼ አሳቅኋቸው።»

«ታዲያ ግልጽ የሆነልህ መቼ ነው?» አሉት።

«ልጁ ሲተኛ አይቼ።»

«እንግዲህ ይህንኑ ጻፍላት» አሉ ሐጂ።

ጻፈልኝ። መብቱም ጸደቀልኝ። መቆሚያዎቹን ዛሬም የሚሠራልኝ እሱ ነው፣ እጁ የሚታማ አይደለም። አዲስ ሐሳብ ሲመጣልኝም መጀመሪያ የምወስደው ወደ እሱ ነው። ከሳቀ እገፋበታለሁ።