የእታለም ጣቶች

እህቴ ዕድሜዋን የገፋችው የሰው ኪስ ስትፈትሽ ነው። ሌባ እንዳትመስላችሁ፤ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። የሐኪሙ ጋውን፣ የነርሷ ሱሪ፣ የበሽተኛው ፒጃማ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። እስክሪብቶ ታገኛለች፣ ቁልፍ ታገኛለች፣ አንድ ጊዜማ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታ ባለቤቱን ፍለጋ ክፍል ለክፍል ስትዞር ውላለች። ከሁሉ የሚፈራው ግን መርፌ ነው። አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ የቀረ መርፌ በባዶ እጅ ተዳብሶ ካልሆነ አይገኝም። ጓንት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ጓንት ያጠለቀ ጣት ግን ደንቆሮ ነው። በዚያ ላይ የቆሸሸው ልብስ ላይ የሚረጨው በረኪና ሾልኮ ይገባና ውስጡ ተኝቶ ይውላል። ስለዚህ ሁሉም አውልቀው ጥለውታል።

እኔ እታለም ነው የምላት። ታላቄ ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ደግሞ እናቴም እሷው ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ እሷ፣ ሴት ልጇና እኔ በሁለት ክፍል ቤት አብረን እንኖራለን። እኔ እቤት ቁጭ ብዬ የትራስ ልብስ እሰፋለሁ። የኔ ስፌት ለጨው ይበቃ ይሆናል እንጂ ቤት አያቆምም፤ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። ልጇ ትምህርቷን እስክትጨርስ ከዚያ ሥራ ንቅንቅ እንደማትል፣ ልጇም ያን በረኪና በጣቷ ጫፍ እንደማትነካ እታለም ምላ ነበር። መሐላዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና መታወቂያዋ እንዴት እንደጠፋ ልናገር። በእነሱ ክፍል የተፈተሸ ልብስ ከረጢት ውስጥ ይገባና ይቋጠራል። እያንዳንዱ ፈታሽ የራሱ አቋጣጠር አለው። የተቋጠረ ከረጢት ተፈትሿል ማለት ነው፤ የእታለምን ቋጠሮ ደግሞ ማንም ፈትቶ ዳግም አያይም፣ እንዲህ ነው የሚያምኗት። አንድ ቀን ልትወጣ ስትል የራሷ ጋውን መቆሸሹን አይታ አወለቀችውና ፈትሻ የጨረሰችው ከረጢት ውስጥ ወርወር አድርጋ ቋጠረችው። መታወቂያዋ የደረት ኪሷ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ተረኛዋ ቋጠሮውን አየች፤ የእታለም ነው ብላ ሳትዳብስ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ከፈላ ውሃና ከበረኪና ተርፎ የወጣው ጭምድድ ያለ ፕላስቲክ ነው። ባልደረቦቿ የሰውን ጥርስ ያዳነች ሴት የራሷን ፊት ቀቀለች እያሉ ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች።

ሳቁ ግን አልከረመም። ሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያውን ለአንድ ድርጅት በኮንትራት ሰጠ። ድርጅቱ ገና ከመግባቱ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ማንኛውም ሠራተኛ እስከ ወሩ መጨረሻ የጸና መታወቂያውን አቅርቦ በኮምፒውተር ይረጋገጥለት፣ የመሥራት መብቱ ያልተረጋገጠለት አይቀጥልም ይላል። ለሌሎቹ የግማሽ ቀን ጣጣ ነበር። እታለም ግን ምትክ ማውጣት ነበረባትና እኔን አስከትላ ወደ መታወቂያ ቢሮ ሄደች።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ጸሐፊ ስሟን ጠይቆ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። ወዲያው ተገኘች። ስሟ አለ፣ የተወለደችበት ዘመን አለ፣ ፎቶዋ አለ፣ ሟች ባሏ እንኳ ሳይቀር አለ። እታለም ደስ ብሏት እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን አሻራ በሚያነበው ማሽን መስታወት ላይ እንድታሳርፍ ነገራት። አሳረፈች፤ ቀይ መብራት በራ። ጥረጊው አላት፤ ጠረገችው፤ ቀይ። ሌላውን አላት፤ ቀይ። አስሩንም ጣት ተራ በተራ ሞከሩ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«እናቴ፣ ጣትሽ ላይ እኮ ምንም የለም» አላት ጸሐፊው።

እጇን ቀማኋትና አየሁት። እውነቱን ነው። የጣቷ ጫፍ እንደ ማንኪያ ጀርባ ለስልሷል። ስንት ዘመን አብሬያት በልቼ አብሬያት ተኝቼ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አይገደብም፤ ፎቶዋን እያየህ፣ እሷንም እያየህ፣ ታዲያ ምኑ ነው የጠፋህ ብዬ ጮህኩበት። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። እኔማ አየኋት፣ ማየት ያለበት ግን እሱ ነው ብሎ በአገጩ ወደ ማሽኑ አመለከተኝ። ምትክ ስለመጠየቋ የሚመሰክር ወረቀት ማኅተም አድርጎ ሰጠን።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ድርጅቱ ሄድን። የሠራተኛ ኃላፊዋ ልጅ እግር ናት፤ በትሕትና አስቀምጣን አነበበችው። ወረቀቱ መጠየቋን ይናገራል እንጂ መሆኗን አይናገርም አለች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄኔ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለች፣ መሬት ላይ የለችም። ባልደረቦቿ ተሰብስበው ሄደው መሰከሩላት፤ ማሽኑ የሰው ምስክር አይቀበልም ተባሉ።

እሷ ጋውኑን ስታጥብለት የኖረችው የቆዳ ሐኪም እዚያው ሆስፒታል ነበረና እጇን አየላት። አሻራው አልሞተም፣ በረኪናው ልጦት ነው፣ ከውሃና ከሳሙና ከራቀች ተመልሶ ይበቅላል አላት። ኃላፊዋም ስትለመን ጊዜ ሰጠቻት፤ ያለ ደመወዝ ነው እንጂ። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ለመሥራት መብት እንዳላት ለማስመስከር ሥራ ማቆም አለባት።

እታለም እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በሕይወቷ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ነች፤ መቀመጥ እንደ ሕመም ነው የያዛት። ድስት ሳጥብ ከኋላዬ ቆማ ጠርዙን አልፈገፈግሽውም ትለኛለች። ልጇ ልብስ ስታጥብ ዓይኗ ውሃው ላይ ይቀራል። ጣቶቿን ቫዝሊን ቀብታ ካልሲ ታጠልቅባቸዋለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል፤ ጎረቤት ማር ሲል ማር፣ እሬት ሲል እሬት ቀባች። ጠዋት ጠዋት የልጇን እስክሪብቶ ቀለም አውራ ጣቷ ላይ አድርጋ በቆየ ደብተር ጀርባ ላይ ትጫናለች። የሚታየው ድብልብል ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። አንድ ቀን ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስታለቅስ አገኘኋት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?

ቤቱም መራቆት ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ወጣ፣ ቁም ሳጥኑ ተከተለው። ቀን ከሌት ብሰፋም የትራስ ልብስ ሦስት አፍ አይመግብም። ይሄኔ ነው ልጅቷ ምሳ ላይ ቀና ብላ ሳታይ የተናገረችው።

«እማዬ፣ እኔ ልግባ። የኔ ጣት ደህና ነው።»

እታለም ልትመታት እጇን አነሳች። ለልጇ አዝና ይሁን ለጣቶቿ ሳስታ አላውቅም፣ መልሳ አወረደችው። ያን ምሳ ማናችንም አልጨረስነውም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ደብተሩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች መታየት ጀመሩ። እየሮጠች መጥታ አሳየችኝ፤ ተያይዘን ዘለልን። የጸሐፊው ማሽን በስንት ልመና የግራ አውራ ጣቷን ተቀበለ፤ አረንጓዴ በራ። ጥጉ ላይ «ምትክ» የሚል የታተመበት አዲስ መታወቂያ ይዛ ወጣች። ኃላፊዋ ኮምፒውተሩ ላይ አረጋግጣ አስገባቻት፤ ባልደረቦቿም ተራ በተራ አቀፏት። በቃ፣ አለፈ ብለን ተነፈስን።

ለካ ድርጅቱ እሷ እቤት ሳለች በሩ ላይ ያንኑ መስታወት ተክሏል። ማለዳ ማለዳ ጣት ያሳርፋሉ፤ ከመታወቂያው ጋር ከገጠመ በሩ ይከፈታል። መጀመሪያ ተከፈተላት። እየዋለ እያደረ በሁለተኛው፣ ከዚያም በሦስተኛው ሙከራ ሆነ። አውራ ጣቷን በላስቲክ ጠቅልላ በቀሩት ጣቶች መዳበስ ጀመረች፤ መርፌ አልፏት ጓደኛዋን ሊወጋ ሲል ላስቲኩን ፈታ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ጣቷ ብዙ አልቆየም። አንድ ማለዳ ቀይ በራ፤ ደጋግማ ብትጫንም ቀይ ነው። ጥበቃው ለዓመታት የሚያውቃት ሰው ነው። የልጅቷን ደህንነት ጠየቃት፣ ከዚያ አንገቱን አቀርቅሮ ወደ ቢሮ ላካት።

ኃላፊዋ መታወቂያው የእሷ ስለመሆኑ ማረጋገጥ አልቻልንም አለቻት።

«ልጄ» አለቻት እታለም፣ «ጣቴን የበላው እኮ ሌላ ነገር አይደለም፣ የእናንተው ሥራ ነው።»

አውቃለሁ አለቻት ኃላፊዋ። ብታውቅም ግን ምንም አላደረገችም።

እታለም እቤት ገብታ ካልሲዎቹን አወጣች። አሻራዬ እስኪበቅል ጣቴን እንደገና ከውሃ አሳርፈዋለሁ አለችኝ፣ በዚያ ቅስሙ በተሰበረ ድምጿ። የልጇን ፊት አየሁት። ዓይኗ ከእናቷ ጣቶች ላይ አልነቀል አለ፤ አስተያየቷ አላማረኝም። ነገ ደብተሯን ጥላ ያን በር የምታንኳኳው እሷ እንደሆነች ገባኝ። በማግስቱ ሁለቱም ሳይነሱ የራሴን መታወቂያ ይዤ ወጣሁ። ድርጅቱ የጎደለበትን ፈታሽ ይፈልግ ስለነበር አላንገላቱኝም። አውራ ጣቴን ሳሳርፍ ገና በመጀመሪያው አረንጓዴ በራ።

ማታ ስነግራት አልተቆጣችም፤ ባለመቆጣቷ ይባስ አንጀቴን በላችው። አንሶላ አምጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችና አዳበሱን አስተማረችኝ፤ ከጠርዝ ወደ መሃል፣ ሳትጫኚ፣ ሳትቸኩዪ እያለች። አሁን በኔ የስፌት መኪና የትራስ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ስፌቷ ሰክሮ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ደንበኞቼን ልታሸሽብኝ ነው። ልጅቷ ትምህርቷን አልተወችም፤ ለመጨረስ ግን ገና ይቀራታል።

ትናንት ማለዳ በሩ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ቀይ በራ። በቀሚሴ ጠርጌው ደግሜ ስጫን ተከፈተልኝ። ማታ እታለም ሥራ እንዴት ዋለ ብላ ጠየቀችኝ፤ ደህና አልኳት።