ወባ ያልነው ትኩሳት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ስነሳ እንባ እየቀደመኝ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ጽፌ አመጣሁት። ስሙ ይባረክ!

ባለቤቴ ኪሮስ የፍየል ነጋዴ ነበር። ከቆላው ከኒሯቅ ገዝቶ ሰቆጣ ይሸጣል። በእኛ አገር ቆላ ወርዶ በትኩሳት የተመለሰ ሰው ምን አመመህ አይባልም፤ ወባ ነው። ያን ጊዜም በትኩሳት ተመልሶ አማቴ ገና ከደጅ ሲያዩት፣ “ኒሯቅ ወርዶ ማን በጤና ተመልሷል?” አሉ። እሱም ሳቀ፤ “ወባማ ዘመዴ ናት፤ ሳትጠይቀኝ አትከርምም።”

የወባ ኪኒን ዋጠ። ትኩሳቱ ረገብ ይልና ይመለሳል። ደግሞ ዋጠ፤ ደግሞ ተመለሰ። ከሳ። ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሁላችንም ወባ ነው ማለታችንን አልተውንም።

በመጨረሻ በአይሱዙ ጋቢና ከተማ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ደረቱን ደጋግሞ አዳመጠ። ጥፍሮቹን አየ፤ ከሥራቸው እንደ ስንጥር የቀጠነ የደም መስመር ነበር።

“በልጅነትዎ ጉሮሮዎን ታመው፣ መገጣጠሚያዎ አብጦ ያውቃል?”

“አዎ።”

“በቅርቡስ ጥርስዎን አሞዎት ነበር?”

“ገበያ ላይ በጉጠት አስነቀልኩት። ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለትኩሳት ነው!”

“ይህ ወባ አይደለም። የልጅነቱ ሕመም ቫልቭ በሚባለው የልብዎ የደም በር ላይ ጠባሳ ትቷል። ጀርም፣ ምናልባት ከጥርስዎ ተነስቶ፣ በደም ሄዶ እዚያ ላይ ሰፍሯል።”

ወንድሞቼ፣ ክው አልኩ! ከጥርስ እስከ ልብ!

መድኃኒቱ በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። ትኩሳቱ ወረደ። ኪሮስም ቀልዱ ተመለሰ፤ “ይሄ ሾርባ ፍየሉን ከሩቅ ነው ያየው” ይል ነበር። በጎናችን ልጃቸውን የሚያስታምሙ እትዬ ለምለም የሚባሉ አማኝ ነበሩ፤ ይጸልዩልን ነበር። ሐኪሙ ግን፣ “ገና አልጨረስንም፤ ቫልቩ ላይ ያደገው ነገር ተቆርሶ ሊሄድ ይችላል” አለ። እኔ የሰማሁት ትኩሳቱ መውረዱን ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ስለ ፍየሎቹ ሲያዘኝ፣ “ነጩን ወጠጤ እንዳትሸጪው፣ እሱ...” አለና አፉ ጠመመ። ቁራጩ ሄዶ የጭንቅላቱን ደም ሥር ዘግቶት ነበር። በማግስቱ አረፈ። ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰው ሁሉ፣ “እግዚአብሔር ወሰደው፣ አታልቅሺ” አለኝ። እትዬ ለምለም ግን እጄን ይዘው፣ “ልጄ፣ እኔም እንዲያድነው ለምኜው ነበር። ከፍቶኛል። ነይ፣ ይህንኑ እንንገረው” አሉ።

ደነገጥኩ። እንዲህም ይጸለያል? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና፣ “ለምን?” አልኩት። የመጀመሪያ ጸሎቴ ይህ ነበር። መልስ አልሰጠኝም። ግን የሚሰማኝ እንዳለ አወቅሁ። ጌታ ኢየሱስን የተቀበልኩት እዚያው ነው። ሃሌሉያ!

አማቴ፣ “ባልሽን ያላዳነውን ተከተልሽ?” አሉኝ። “እማዬ፣ እሱን አላዳነልኝም፤ እኔን ግን ብቻዬን አልተወኝም” አልኳቸው። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ጌታ ይመስገን!

በመካከላችሁ ትኩሳት አልለቅ ያለው ካለ እንጸልይለት፤ እሱም ሐኪም ዘንድ ሄዶ ልቡን ያስመርምር። ሐዘን የጎዳውም እስኪጽናና አይጠብቅ፤ እንደተከፋ ይምጣ። እኔ እያለቀስኩ መጣሁ፤ እያለቀስኩ ተቀበለኝ።